የመጀመሪያው የሥነ ልቦና ሕክምና

ሀ. ምንባብ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል ስም ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ጽኑ ሕሙማንን ብቻ ነው። ስለዚህ እንቅልፍ ያጣ ወይም ኀዘን የጎዳው ሰው «ሰው ምን ይለኛል» እያለ ጭንቀቱን በሆዱ አምቆ ይኖራል።

ሕክምናውን የሚጀምር ሰው አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የአእምሮ ሐኪም መድኃኒት ያዛል፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ግን በአብዛኛው የሚያክመው በውይይት ነው። ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው ቀን ባለሙያው ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ሥራና ስለ ቀድሞ ሕመም ይጠይቃል። ታካሚውም የከበደውን ጥያቄ ለሌላ ቀን ለማቆየት ይችላል።

ሦስተኛ፣ የታካሚው ምስጢር ይጠበቃል። ሆኖም የእርሱ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት ለአደጋ ከተጋለጠ ባለሙያው ለሚመለከተው ሊያስታውቅ ስለሚችል፣ የምስጢሩን ወሰን አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። አራተኛ፣ አንድ ቀጠሮ ብዙውን ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይፈጃል፤ ፈውሱ ግን ባንድ ቀን አይገኝም። የቆየ ቁስል ሲነካ ሕመሙ ለጊዜው ሊበረታ ይችላል። በዚህ ጊዜ ታካሚው ቀጠሮውን ከማቋረጥ ይልቅ የተሰማውን ለባለሙያው መንገር ይኖርበታል። ከባለሙያው ጋር መግባባት ካልቻለም ወደ ሌላ መሄድ ነውር አይደለም።

ለ. በምንባቡ መሠረት መልሱ

1. የአእምሮ ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያ በምን ይለያያሉ?
2. ባለሙያው ምስጢር ሊያወጣ የሚችለው መቼ ነው?
3. «አምቆ» በሚለው ቃል ዐረፍተ ነገር ሥሩ።