ሦስት ቀን በቆቦ፦ ለሶለል የሚሄድ መንገደኛ ማወቅ ያለበት

የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት ማለዳ ቆቦ የምትነቃው በከበሮ ድምፅ ነው። ልጃገረዶች ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ዓይናቸውን ተኩለው፣ ድሪና አልቧቸውን አድርገው በየሰፈራቸው ይሰባሰቡና ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። ዋግ ላይ ሻደይ፣ ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ትግራይ ውስጥ አሸንዳ የሚባለው በዓል ራያ ቆቦ ሲደርስ ስሙ ሶለል ይሆናል። ቀኑ የእመቤታችን ዕርገት የሚከበርበት ነሐሴ 16 ነው፤ ጨዋታው ግን በዚያ ቀን አያበቃም፣ ቀጥለው ባሉት ቀናትም ይሰማል።

ለበዓሉ ከሩቅ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያመራው ወደ ሰቆጣ ወይም ወደ ላሊበላ ነው። ቆቦን በመኪና መስኮት አይቶ የሚያልፋት ይበዛል። ይህ ለከተማዋ ጉዳት ቢሆንም ለጎብኚው ዕድል ነው። ሶለል ከመድረክ ይልቅ በሰው ደጃፍ ላይ የሚታይ ጨዋታ ነው፤ ቆቦ ደግሞ በእግር ከዳር እስከ ዳር የምትዳረስ ከተማ ናት። ስለዚህ የጉዞው ዕቅድ ሁሉ ለአንድ ነገር ቢዘጋጅ ይበጃል፦ ነሐሴ 16 ጠዋት አንድ የቆቦ ሰፈር ውስጥ መገኘት።

ለዚህም ነሐሴ 15 ማታ ቆቦ መግባት ያስፈልጋል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ መንገዱም በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በከሚሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በደሴና በወልድያ በኩል ነው። በአንድ ቀን ለመጨረስ ከንጋቱ በፊት መነሣት ግድ ነው፤ የክረምቱ ጭጋግ ጣርማ በር ላይ ጉዞውን ስለሚያዘገየው ደሴ ወይም ወልድያ አድሮ በማግስቱ መቀጠል ይሻላል። በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው ኮምቦልቻ ወርዶ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ይጓዛል። ከወልድያ ቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሚኒባስ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ይደረሳል። ትኬት ሲቆረጥ አንድ ጥንቃቄ አይረሳ፦ በዚሁ መስመር ላይ ሁለት ሮቢት አለ። አንደኛው ሸዋ ሮቢት ሲሆን ሌላኛው የራያው ነው፤ በሁለቱ መካከል የግማሽ ቀን ጉዞ አለ።

ከወልድያ ወዲያ መልክዓ ምድሩ ይለወጣል። ደጋው በስተ ግራ ይቀርና ሜዳው ይዘረጋል፤ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራሮች ይታያሉ። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በክረምትም ቢሆን ቀኑ ይሞቃል። አለውሃ፣ ጎሊናና ሆርማት ወንዞች ከምዕራቡ ተራራ ወደዚህ ሜዳ ይወርዳሉ። የራያ ገበሬ ድንገት የሚመጣውን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ ማሽላውንና ጤፉን ያጠጣበታል፤ ከጥንት የወረሰው ጥበብ ነው። ለመንገደኛው ግን ያው ጎርፍ አደጋ ነው። ተራራው ላይ ዝናብ ከታየ ደረቅ የሚመስለውን የወንዝ አሸዋ በእግርም ሆነ በመኪና መሻገር አይገባም፤ ቆቦ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደራሽ ሊመጣ ይችላል።

ማደሪያ አለ፣ ግን ቀለል ያለ ነው። በዋናው አስፋልት ዳርና ዳር ያሉት ሆቴሎች ለበዓሉ ከሌላ ከተማ በሚመጡ የቆቦ ተወላጆች ስለሚሞሉ ቀደም ብሎ ስልክ መደወል ያስፈልጋል። ቦታው የወባ አካባቢ ነው፤ አጎበርና የትንኝ መከላከያ ቅባት ከሻንጣ አይጥፉ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የእጅ ባትሪ፣ ኔትወርክ ሊቋረጥ ስለሚችል ደግሞ ጥሬ ገንዘብ መያዝ ብልህነት ነው። በቴሌብር ብቻ ተማምኖ መሄድ አይበጅም።

ወደ ማለዳው እንመለስ። ነሐሴ 16 ሌሊቱን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አለ፤ ቅዳሴው ሲያበቃ ጾሙ ይፈታል፣ ልጃገረዶቹም መውጣት ይጀምራሉ። አንዷ ከበሮ ትመታለች፣ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። ሕፃናቱ ለብቻቸው፣ የደረሱት ልጃገረዶች ለብቻቸው ቡድን ሠርተው ይሄዳሉ። የአንድን ቤት ደጃፍ ይዘው ባለቤቱን ያወድሳሉ፤ ባለቤቱም አመስግኖ የአቅሙን ይሰጣል። እንግዳም በዚያ ከተገኘ የሚወደስበት ተራ ይደርሰዋል፤ ስለዚህ ዝርዝር ብር በኪስ መያዝ አለበት። ስጦታው ትልቅ እንዲሆን አይጠበቅም። ግን ዝም ብሎ ስልኩን ደግኖ የሚቀርጽ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ጀርባውን የሚሰጥ ሰው ነውረኛ ነው።

ፎቶ የሚነሣው ከተፈቀደ በኋላ ነው። ሕፃናት ከሆኑ እናቶቻቸውን፣ ትልልቆች ከሆኑ ራሳቸውን መጠየቅ ይገባል። «እትዬ፣ ላንሣቸው?» ማለት ይበቃል። ልጃገረዶቹ ተሰብስበው ሲጫወቱ ወንድ እንግዳ በመካከላቸው አይገባም፤ ዳር ሆኖ ያያል፣ ያጨበጭባል። ጎፈሬ አበጥረው ዱላ ይዘው የሚመጡት የራያ ጎረምሶች ጭፈራ ሲጀምሩ ግን ሜዳው ለሁሉም ይከፈታል፤ እዚያ ትከሻውን የሚሞክር እንግዳ በእልልታ ነው የሚበረታታው።

ምሳ ሰዓት ላይ የሚጋብዝ ሰው አይጠፋም። ጾም የተፈታበት ቀን ስለሆነ ሥጋና ቅቤ ይበዛል። ራያ ላይ ክርስቲያንና ሙስሊም ተጎራብቶ የሚኖር ስለሆነ ምግብ ቤት ሲገባ የማን ሥጋ እንደሆነ ከበሩ ምልክት መለየት ወይም መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ማንም አይቀየምበትም። የማሽላ እንጀራ ከተገኘ ሳይቀምሱ መመለስ ያስቆጫል።

ሁለተኛው ቀን ለሐሸንጌ ሐይቅ ይሆናል። ከቆቦ በዋጃና በአላማጣ በኩል ተጉዞ በግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ ዳገት ወደ ኮረም ይወጣል፤ ሐይቁ ከኮረም ቀጥሎ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተራሮች ተከቦ ይገኛል። ከቆላው ሙቀት ወደ ደጋ ብርድ የሚገባው በአንድ ጠዋት ስለሆነ ወፍራም ልብስ ያሻል። የውሃው ዳርቻ ጸጥ ያለ ነው፤ ታሪኩ ግን ከባድ ነው። በ1542 እ.ኤ.አ. የግራኝ አሕመድ ጦር ፖርቱጋላዊውን ክሪስቶቮ ዳ ጋማን ድል ያደረገው በዚሁ አካባቢ በወፍላ ነው። ከማይጨው ጦርነት፣ ከመጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በኋላ ወደ ኋላ የተመለሰው የኢትዮጵያ ሠራዊት በጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብና መርዝ የተደበደበውም በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ነው።

ስለ ጸጥታው በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ቆቦ በ2013 ዓ.ም. ሶለልን ያሳለፈችው በጦርነት ውስጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከበዓሉ ሁለት ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 18፣ ውጊያው በዚሁ አካባቢ እንደገና ተቀሰቀሰ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት መንገዶች የሚዘጉበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመነሣት በፊት ቆቦ ወይም ወልድያ ላለ ሰው ደውሎ የዕለቱን ሁኔታ መጠየቅ፣ መታወቂያ መያዝ፣ ሳይመሽ መግባት ግድ ነው። ከቆቦ ወደ ኮረም ያለው መንገድም ለብቻው ይጠየቅ። መንገዱ አያስተማምንም ከተባለ ጉዞውን ለከርሞ ማሳደር ነው እንጂ መድፈር አይገባም። ሐዘን ያልገባበት ቤት ጥቂት ስለሆነ እንግዳው የጦርነቱን ነገር እየቆሰቆሰ አይጠይቅ፤ ባለቤቱ ከጀመረ ግን ሰምቶ ማጽናናት የአባት ነው።

ሦስተኛው ቀን የመመለሻ ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ ወልድያ እያደሩ ከመመላለስ ሦስቱንም ሌሊት ቆቦ ማደር ይመረጣል፤ ለአልጋው፣ ለምሳውና ለከበሮው የሚወጣው ብር እዚያው ከተማ ይቀራልና።