ሕፃናትን በሚኒባስ ስለ ማጓጓዝ



በየቁምስናዎቻችን የመጀመሪያ ቁርባን በዓል፣ የምሥጢረ ሜሮን ዝግጅት ወይም የልጆች መንፈሳዊ ጉዞ በሚቃረብበት ጊዜ ስለ መዝሙሩ፣ ስለ ልብሱና ስለ ምሳው ብዙ እንመካከራለን። ልጆቹ በምን ይሄዳሉ የሚለው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በዋዜማው ማታ ነው። መልሱም «አንድ ሚኒባስ ተገኝቷል፤ ተጠጋግተው ይሄዳሉ» የሚል ይሆናል። በዚህ እትም ልንመረምረው የፈለግነው ይህን «ተጠጋግተው» የሚለውን ቃል ነው።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ላይ አዲስ ቤት ለሚሠራ ሰው የተሰጠ ትእዛዝ እናገኛለን። በዚያ አገር ሰዎች በቤቱ ጣሪያ ላይ ይወጡና ይቀመጡ ስለ ነበር ባለቤቱ ዙሪያውን መከታ እንዲሠራለት ታዟል። መከታውን ሳይሠራ ቢቀርና ሰው ቢወድቅ በደሙ ይጠየቃል። ልብ እንበል፤ ሕጉ የሚናገረው ማንም ከመውደቁ በፊት ነው። በአደራ የተሰጡንን ልጆች ስናሳፍርም የመቀመጫው ቁጥር፣ ቀበቶውና የአሽከርካሪው ብቃት መከታዎቻችን ናቸው።

አንዳንዶች «እግዚአብሔር ይጠብቃቸዋል» ይላሉ። እኛም ይህን እናምናለን። ሆኖም ጌታችን ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በተፈተነ ጊዜ እምቢ ማለቱን አንርሳ። መከታውን አፍርሶ ጥበቃን መለመን እግዚአብሔርን መፈታተን ነው። በ1985 ዓ.ም. የታወጀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2290 በስካር ወይም በፍጥነት ፍቅር የራሳቸውንና የሌላውን ሰው ደኅንነት በመንገድ ላይ አደጋ ላይ የሚጥሉ ሰዎች ከባድ በደል እንደሚፈጽሙ ያስተምራል። ይህ ትምህርት የተቀመጠው በአምስተኛው ትእዛዝ ሥር ነው።

ሀ. አደጋው ከምን ይመጣል?

የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ መሠረት በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይሞታሉ። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑት ከሞት ምክንያቶች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው።

የጉዳቱን ምክንያት ለመረዳት አንድ ነገር እናስተውል። መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በውስጡ ያለው ልጅም በዚያው ፍጥነት እየተጓዘ ነው። መኪናው ተጋጭቶ በድንገት ሲቆም ያልታሰረው ልጅ ጉዞውን ይቀጥላል፤ የሚያስቆመውም የፊቱ ወንበር፣ መስተዋቱ ወይም የጓደኛው ጭንቅላት ነው። ምቱ ከ10 ሜትር ያህል ከፍታ ከመውደቅ ጋር ይተካከላል። ልጃችንን ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ አናስቀምጠውም፤ ያለ ቀበቶ ግን በየዕለቱ እናስቀምጠዋለን።

«ሕፃኑን እኔ አቅፈዋለሁ» የሚለው የእናት ወይም የመምህርት ቃል ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚሁ ፍጥነት በግጭት ጊዜ ከአንድ ኩንታል በሚበልጥ ኃይል ከእጅ ይነጠቃል። ይህን ሊይዝ የሚችል ክንድ የለም። ሁለት ልጆችን በአንድ ቀበቶ ማሰርም እንዲሁ አይበጅም፤ በግጭት ጊዜ እርስ በርሳቸው ይቀጣቀጣሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ፍጥነት ነው። ፍጥነት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር እጥፍ ሲያድግ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው ለመቆም የሚፈጅበት ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

ሦስተኛው ትርፍ ጭነት ነው። በአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር በ1993 ዓ.ም. ለ15 ሰው የተሠሩ ቫኖችን በሚመለከት ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ሌላ መኪና በሌለበት አደጋ ላይ 10 ወይም ከዚያ በላይ ሰው የጫነ ቫን የመገልበጥ ዕድሉ ከ10 ሰው በታች ከጫነው ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን ገልጿል። ሰው በበዛ ቁጥር ክብደቱ ወደ ላይና ወደ ኋላ ስለሚሄድ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ለአሽከርካሪው አይታዘዝም። ቫኖቹ በተፈቀደላቸው ቁጥር እንኳ እንዲህ ከሆኑ፣ ከቁጥሩ በላይ ልጆች ጭኖ በጣሪያው ላይ ድስትና ወንበር የደረበ ሚኒባስ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ለ. ሕጉ ምን ይጠይቀናል?

በመኪናው ሊብሬ ላይ የተፈቀደው የሰው ቁጥር ተጽፏል። በእኛ ቆጠራ አንድ ሕፃን አንድ ሰው ነው፤ አንድ ሰውም አንድ መቀመጫ ይገባዋል። ለዕቃ የተመዘገበ ቫን፣ የፒክ አፕ ጀርባ ወይም የአይሱዙ ሣጥን፣ አግዳሚ ወንበር ቢገባበትም የልጆች ማጓጓዣ አይሆንም።

አሽከርካሪው ለሚነዳው የተሽከርካሪ ዓይነት የሚያገለግል መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ፈቃዶችን በምድብ የለያቸው በዚህ ምክንያት ነው። አውቶሞቢል መንዳት የሚያስችል ፈቃድ ሕዝብ ለማመላለስ አይበቃም። መኪናው የዓመቱ ምርመራ ማስረጃ የሆነው ቦሎ ሊለጠፍበት፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የታዘዘው የሦስተኛ ወገን መድንም ሊኖረው ያስፈልጋል። መኪናውን በክፍያ የምንከራይ ከሆነ የተመዘገበበት አገልግሎት ይህን እንደሚፈቅድለት አስቀድመን እንጠይቅ።

የቁምስናው የራሱ መኪና ከሆነ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 ይመለከተናል። በዚህ ሕግ መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ያለ ፈቃዱ የተነዳ ቢሆን እንኳ ይጠየቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በቁጥር 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ የሞቱት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ጊዜ፣ ወይም ግልጽ የሆነ ደንብ ሆን ተብሎ በተጣሰ ጊዜ ቅጣቱ ይከብዳል። የትራፊክ ደንቦች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ ከጉዞ በፊት የአካባቢውን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሐ. ከመነሣት እስከ መመለስ

1. ከሳምንት በፊት፦ ከመምህራን አንዱ መኪናውን በዓይኑ ይመልከት። ጎማው የተላጨ እንዳይሆን፣ በሩ ከውስጥም ከውጭም እንዲከፈት፣ ቀበቶዎቹም እንዲሠሩ ያረጋግጥ። በብዙ ሚኒባሶች ቀበቶው ከወንበሩ ልብስ ሥር ተቀብሮ ስለሚገኝ አውጥቶ መሞከር ያስፈልጋል።

2. አሽከርካሪው፦ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ፣ መጠጥ የቀመሰ ወይም በጫት የነቃ አይሁን። ለበዓሉ በጊዜ ለመድረስ ሲባል በጨለማ ከመነሣት ይልቅ የመድረሻውን ሰዓት ማዘግየት ይሻላል።

3. አቀማመጥ፦ ሕፃናት ከፊት ወንበር አይቀመጡ። የወገቡ ቀበቶ በዳሌ አጥንት ላይ እንጂ በሆድ ላይ አይተኛ፤ የትከሻውም በአንገት ላይ አይለፍ። የዓለም የጤና ድርጅት ልጆች ቢያንስ 10 ዓመት እስኪሞላቸው ወይም ቁመታቸው 135 ሳንቲሜትር እስኪደርስ ለልጅ በተሠራ መቀመጫ እንዲታሰሩ ይመክራል። ትራስ ስለሚንሸራተት ይህን መቀመጫ አይተካም። ስለዚህ ጨቅላ ታናናሾችን ያለ መቀመጫቸው በጉዞው አንጨምር።

4. መተላለፊያው፦ ዕቃ አይከመርበት፤ የነዳጅ ጀሪካንም ከልጆች ጋር አይጫን። አደጋ ቢደርስ የሚወጡት በዚያ ነው።

5. ቁልቁለት፦ እንደ ጣርማ በርና እንደ ዓባይ በረሃ ባሉ ረጃጅም ቁልቁለቶች አሽከርካሪው ከመጀመሪያው በከባድ ማርሽ ይውረድ። ፍሬን ያለማቋረጥ ከተያዘ ይግላል፤ ከጋለም የመያዝ ኃይሉን ያጣል።

6. መውረድ፦ ልጆች በመንገዱ ዳር በኩል ይውረዱ። መንገድ የሚሻገሩትም መኪናው ሄዶ ግራና ቀኙ እስኪታይ ድረስ ይጠብቁ።

7. መዝገብ፦ የልጆቹ ስምና የወላጆች ስልክ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ ከመምህሩ ጋር ይሂድ፣ ሌላው በቁምስናው ይቅር። ሲነሡና ሲመለሱ በስም ይጠሩ፤ በመጨረሻም መኪናው ባዶ መሆኑ በእያንዳንዱ ወንበር ይታይ። አንድ ልጅ ከአሽከርካሪው ጋር ብቻውን እንዳይቀርም በየጉዞው ሁለት ኃላፊዎች ይኑሩ።

መ. ገንዘቡ ባይበቃስ?

ይህ እውነተኛ ችግር ስለሆነ በምሳሌ እንየው። 24 ልጆችና 3 ኃላፊዎች አሉን፤ የተገኘው ሚኒባስ አሽከርካሪውን ጨምሮ ለ15 ሰው የተፈቀደ ነው። ሁሉን በአንድ ጊዜ ብንጭን ከነአሽከርካሪው 28 ሰው በ15 መቀመጫ ይሆናል። አሽከርካሪውንና 2 ኃላፊዎችን ስንቀንስ ለልጆች የሚተርፈው 12 መቀመጫ ነው። እንግዲህ በሁለት ምልልስ 24ቱም በአግባቡ ይደርሳሉ። ነገር ግን ቀድመው የደረሱትንም ሆነ የሚጠብቁትን የሚከታተሉ ስለሚያስፈልጉ ኃላፊዎቹ 4 መሆን አለባቸው፤ ተጨማሪው አንድ ወላጅ ሊሆን ይችላል። አሽከርካሪውም ሁለተኛውን ምልልስ እንዲያፈጥን አይወትወት።

ለሁለት ምልልስ ነዳጅ ባይበቃ፣ ቅርብ ወደሆነው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ወይም በዓሉን በራስ ቁምስና ማክበር ይቻላል። ጉዞው ቢቀርብን ልጆቹ ያዝናሉ፤ ኀዘናቸው ግን በሳምንቱ ይረሳል። መምህሩ «መኪናው ሞልቷል» ለማለት ድፍረት እንዲኖረው ቆሞሱና የቁምስናው ምክር ቤት ከጎኑ ይቁሙ። ወላጆችም «የእኔ ልጅ ለምን ቀረ?» ከማለታቸው በፊት የሄዱት እንዴት እንደተቀመጡ ይጠይቁ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን የልጆች ጉዞ ሲዘጋጅ ስለ መጓጓዣው የሚወስነው ማን ነው? መቼስ ይወስናል?
2. ዘወትር የምንጠቀምበት ሚኒባስ ስንት የሚሠራ ቀበቶ አለው? እስከሚቀጥለው ስብሰባ ቆጥረን እንምጣ።
3. መኪናው ሞልቶ ሳለ ወላጅ ልጁን ይዞ ቢመጣ መምህሩ ምን ይበለው?