የጎብኚው ብዛትና የነዋሪው ጤና
(ለጥናት ክበቦች ውይይት የቀረበ፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)

ከኒው ካይሮ ተነስተን የጊዛን ፒራሚዶች ለማየት ስንሄድ ስለ ድንጋዩ እንጂ በሥሩ ስለሚኖረው ሰው እምብዛም አንጠይቅም። በ2010 ግብፅን 14.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ጎብኝቷት ነበር። በ2011 ሕዝባዊ ዐመፅ ሲነሳ ቁጥሩ ወደ 9.8 ሚሊዮን ወረደ። ለመንግሥት ይህ የገቢ ቅናሽ ነው። በፒራሚዶቹ ሥር ፈረስና ግመል ለሚያከራየው ግን የመኖና የልጆች ቀለብ ማጣት ነበር።

ይህን ያነሳነው ላሊበላን ለማሰብ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ1948 ጀምሮ በሚሠራበት መተዳደሪያው፣ ጤና የበሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ደኅንነት ነው ይላል። ቱሪዝምን በዚህ ሚዛን እንመዝነው።

ሀ) ገቢ። አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። አስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛው፣ በቅሎ አከራዩ እንጀራ አግኝተዋል። ስለዚህ ቱሪዝምን በጅምላ አንኮንንም። ችግሩ ቤቱ በአንድ ምሰሶ መቆሙ ነው። በ2020 ኮቪድ መጣ፤ በ2021 ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ዘለቀ፣ መብራትም ተቋረጠ። እኛ የሕክምና ተማሪዎች እንደምንማረው ገቢ ሲቋረጥ በሽተኛው የደም ግፊት ክኒኑን ያቋርጣል፣ ነፍሰ ጡሯ ክትትሏን ታዘገያለች፣ ሕፃኑ ይከሳል። የማያባራ ሥጋት ራሱ እንቅልፍ ይነሳል፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል።

ለ) መኖሪያ። የዓለም ባንክ በ2009 ባጸደቀው የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት መሠረት በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ወደ ኩራኩር ተዛውረዋል። ቅርስ መጠበቅ አለበት። ነገር ግን ካሣ የሚተምነው ግድግዳና ጣሪያን ነው፤ ሲታመሙ ደርሶ የሚያስታምም ጎረቤትን፣ በእግር የሚደረስበትን ደብርና ገበያን አይተምንም። ይህ ጉዳት በተለይ በአረጋውያን ላይ ይከብዳል።

ሐ) ልጆች። ከጎብኚ እጅ የሚገኝ ብር ከትምህርት ቤት ይልቅ ቶሎ ይደርሳል። ልጁ ጎብኚ ተከትሎ መዋልን ይለምዳል። ሰጪው በጎ እንዳደረገ አስቦ ይሄዳል፤ ከትምህርቱ የቀረው ልጅ ግን እዚያው ይቀራል።

ከዚህ የምንገነዘበው፣ የጎብኚ ቁጥር ብቻውን የነዋሪው ደኅንነት መለኪያ አለመሆኑን ነው። ከገቢው የተወሰነው ለጤና ጣቢያና ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ይዋል፤ እርሻውና የእጅ ሥራው አይረሳ፤ ነዋሪው ከመነሳቱ በፊት ይጠየቅ። እኛም ብንሆን ለዕረፍት አገራችን ስንገባ ጎብኚዎች መሆናችንን አንዘንጋ።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. በተወለድንበት አካባቢ ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ ማን እጅ ይገባል?
2. ጎብኚ ለአንድ ዓመት ቢቀር በመጀመሪያ የሚራበው ማነው?
3. ለሚለምን ልጅ ብር ከመስጠት የተሻለ ምን ልናደርግ እንችላለን?