መጠበቅ ወይስ ማውጣት? የታም ሉዋንግ ዋሻ የነፍስ አድን ውሳኔ ሲመዘን

አጽሕሮተ ጥናት

በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ በሰሜን ታይላንድ በሚገኘው የታም ሉዋንግ ዋሻ ውስጥ 12 ታዳጊዎችና አንድ ረዳት አሠልጣኝ በጎርፍ ተከበው መውጫ አጡ። አሥራ ሦስቱም በሕይወት በመውጣታቸው ዘመቻው የስኬት ምሳሌ ተደርጎ ይጠቀሳል። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው ግን ውጤቱን ሳይሆን ውሳኔውን ነው። ልጆቹን አደንዝዞ በውኃ ውስጥ ማውጣት፣ ፍጻሜው ገና ባልታወቀበት ሰዓት፣ ተገቢ ምርጫ ነበርን? ጽሑፉ አማራጮቹን ከጊዜ፣ ከአየርና ከሰው ባሕርይ አንጻር በማነጻጸር፣ ውሳኔው ተገቢ የነበረው ጠለቃው አስተማማኝ ስለነበረ ሳይሆን የሌሎቹ አማራጮች አደጋ በየሰዓቱ እየጨመረ ይሄድ ስለነበረ መሆኑን ያስረዳል።

ቁልፍ ቃላት፦ የዋሻ ጎርፍ፣ ነፍስ አድን፣ ማደንዘዣ፣ የአደጋ ጊዜ ውሳኔ

1. መግቢያ

ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2018) ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 16 ዓመት የሆነ 12 የእግር ኳስ ቡድን አባላትና የ25 ዓመት ረዳት አሠልጣኛቸው፣ ከልምምድ በኋላ፣ በቺያንግ ራይ ክፍለ አገር ወደሚገኘው ዋሻ ገቡ። ውስጥ ሳሉ ዝናቡ በረታ፤ መተላለፊያውም በውኃ ተሞልቶ ከበስተኋላቸው ተዘጋ። ውኃው በጨመረ ቁጥር ወደ ውስጥ እየሸሹ በአንድ ከፍ ያለ ደለል ላይ ተጠለሉ። ሰኔ 25 ቀን ሪክ ስታንተንና ጆን ቮላንተን የተባሉ እንግሊዛውያን የዋሻ ጠላቂዎች ከመግቢያው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው አገኟቸው።

የመገኘታቸው ዜና ደስታን ቢያመጣም ዋናውን ጥያቄ አልፈታም። ከዚያ ቀን በፊት ጥያቄው «የት ናቸው?» የሚል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን «እንዴት ይውጡ?» ወደሚል ተሸጋገረ። ቀጥሎ የሚቀርበው ትንተና በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ያተኩራል።

2. የዋሻው ተፈጥሮ

ታም ሉዋንግ በኖራ ድንጋይ ተራራ ውስጥ የተፈጠረ፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋሻ ነው። የኖራ ድንጋይ በረጅም ዘመን በውኃ እየሟሟ ስንጥቆችና ቦዮች ይበጁበታል፤ በተራራው ላይ የጣለው ዝናብም በእነዚህ ስንጥቆች በኩል በፍጥነት ወደ ውስጥ ይገባል። በአገራችን በባሌ የሚገኘው የሶፍ ዑመር ዋሻ፣ የወይብ ወንዝ በመካከሉ የሚያልፍበት፣ የዚሁ ዓይነት የድንጋይና የውኃ ሥራ ውጤት ነው። እንዲህ ባለ ዋሻ ውስጥ ደረቅ የነበረው መተላለፊያ ከጥቂት ሰዓታት ዝናብ በኋላ እስከ ጣራው ሊሞላ ይችላል።

ይህም ለጠላቂዎች የተለየ አደጋ ያስከትላል። በባሕር የሚጠልቅ ሰው ችግር ቢገጥመው ወደ ላይ መውጣት ይችላል፤ በዋሻ ግን ከበላዩ ያለው ድንጋይ ነው። ውኃው በጭቃ የደፈረሰ በመሆኑ ዓይን አያይም፤ ጠላቂው የሚጓዘው የተዘረጋውን ገመድ በእጁ እየዳሰሰ ነው። የታይላንድ የባሕር ኃይል ልዩ ጠላቂዎች ብቃት ባይጎድላቸውም ሥልጠናቸው በዋናነት ለክፍት ውኃ የተሰጠ ስለነበረ፣ ሥራቸውን ለአነስተኛው የዋሻ ጠላቂዎች ማኅበረሰብ ልምድ ማጋራት ግድ ሆነ።

3. የቀረቡት አማራጮች

ለውሳኔ የቀረቡት ዋና ዋና አማራጮች ሦስት ነበሩ።

የመጀመሪያው ከተራራው ላይ ቆፍሮ መድረስ ነው። በተራራው ላይ በርካታ ክፍተቶች ቢፈተሹም ወደ ልጆቹ የሚያደርስ አልተገኘም። በልጆቹና በተራራው ገጽ መካከል ያለው ዓለት በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር የሚለካ ከመሆኑም በላይ፣ የተጠለሉበትን ጠባብ ስፍራ ከላይ ሆኖ በትክክል ማነጣጠር አስቸጋሪ ነበር።

ሁለተኛው የዝናቡ ወቅት እስኪያበቃ መጠበቅ ነው። ይህ አማራጭ ልጆቹን ለጠለቃ ስለማያጋልጥ በመጀመሪያ እይታ ከሁሉ የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን እስከ አራት ወር ሊወስድ ይችል ነበር። እያንዳንዱ ሰው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይበላል ብለን ብናሰላ እንኳ፣ ለ13 ሰዎች በ120 ቀናት 1,560 ምግብ ያስፈልጋል፤ ይህ ሁሉ በጠላቂዎች እጅ መድረስ ነበረበት። እያንዳንዱ ጉዞ ልምድ ላለው ሰው እንኳ ሰዓታት የሚፈጅና ለሞት የሚያጋልጥ ነው።

ሦስተኛው ልጆቹን በጠለቃ ማውጣት ነው። ከልጆቹ አንዱም የዋሻ ጠለቃ ልምድ አልነበረውም።

4. ጊዜ የለወጠው ሚዛን

መጠበቅ እንደ ገለልተኛ ምርጫ ሊታይ የማይችልበት ምክንያት ከሰኔ 25 እስከ ሰኔ 30 ባሉት ቀናት ግልጽ ሆነ። ልጆቹ ባሉበት ስፍራ የኦክስጅን መጠን ከተለመደው 21 በመቶ ወደ 15 በመቶ መውረዱ ተነገረ። ከእነርሱ ጋር የቀሩት አንድ ሐኪም የሚገኝባቸው አራት የባሕር ኃይል አባላትም ከዚያው አየር ይተነፍሱ ነበር። የአየር ቱቦ ለመዘርጋት የተደረገው ሙከራም አልተሳካም።

ሰኔ 29 ቀን የቀድሞው የባሕር ኃይል ጠላቂ ሳማን ኩናን የአየር ሲሊንደሮችን አድርሶ ሲመለስ በውኃ ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። ሞቱ የጠለቃውን አደገኛነት አሳየ፤ እንዲያውም ጠለቃው መቅረት አለበት ለሚሉ ወገኖች ማስረጃ የሚሆን ይመስላል። ይሁንና ሳማን የሞተው ልጆቹን ሲያወጣ ሳይሆን በዋሻው ውስጥ የሚቆዩበትን አቅርቦት ሲያደርስ ነው። ስለዚህ ሞቱ የመጠበቅንም ዋጋ ያሳያል፤ አራት ወር መጠበቅ ማለት ይህንኑ ጉዞ ደጋግሞ ማድረግ ነበርና።

በዚህ ላይ ከባድ ዝናብ እንደሚመጣ ተተንብዮ ነበር። ውኃው በፓምፕ እየተሳበና ወደ ዋሻው የሚገቡ ጅረቶች አቅጣጫ እየተቀየረ የተገኘው ፋታ በዚያ ዝናብ ሊጠፋ ይችል ነበር።

5. የማደንዘዣው ውሳኔ

ልጆቹ ነቅተው እንዲጠልቁ ለምን አልተደረገም? መልሱ ቀደም ሲል ከተገኘ ተሞክሮ ይመነጫል። ልጆቹ ከመገኘታቸው በፊት፣ ስታንተንና ቮላንተን በዋሻው ውስጥ በጎርፍ የተያዙ አራት የፓምፕ ሠራተኞችን በአጭር ጠለቃ አውጥተው ነበር። ሠራተኞቹ አዋቂዎች፣ መንገዱም አጭር ሆኖ ሳለ፣ በድንጋጤ ተንፈራገጡ። በጨለማ ውኃ ውስጥ የደነገጠ ሰው ጭምብሉን ይነቅላል፤ አዳኙንም ይዞ ሊሰጥም ይችላል። ይህ በሰዓታት የሚቆጠር መንገድ በሚጓዝ ልጅ ላይ ቢደርስ ሁለት ሕይወት ይጠፋል።

አውስትራሊያዊው የማደንዘዣ ሐኪምና የዋሻ ጠላቂ ሪቻርድ ሃሪስ በመጀመሪያ ሐሳቡን አልተቀበሉትም ነበር። በመጨረሻ የተመረጠው ዘዴ ሦስት መድኃኒቶችን ያቀፈ ነው፤ ፍርሃትን የሚያስታግሰው አልፕራዞላም በአፍ፣ ምራቅን የሚቀንሰው አትሮፒን እና ዋናው ማደንዘዣ ኬታሚን በመርፌ። ኬታሚን የተመረጠው ከብዙ ማደንዘዣዎች ይልቅ አተነፋፈስን የማያዳክም በመሆኑ ነው። ሆኖም ኃይሉ ከጉዞው ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ ሐኪም ያልሆኑት ጠላቂዎች በመንገድ ላይ መርፌውን መድገም ነበረባቸው። ልጆቹ ሙሉ ፊትን የሚሸፍንና ውኃ እንዳይገባ ከውስጥ በአየር ግፊት የሚከላከል ጭምብል ተደረገላቸው፤ እጃቸውም ወደ ኋላ ታሰረ።

ከሕክምና ሥነ ምግባር አንጻር ይህ እጅግ ከባድ ነው። የተደነዘዘ በሽተኛ ያለ ሐኪም ክትትል አይተውም፤ እዚህ ግን በውኃ ውስጥ እንዲጓዝ ተደረገ። ሃሪስ አንድ ልጅ ቢሞት በሕግ እንዳይጠየቁ ከለላ የተሰጣቸው መሆኑ፣ ወሳኞቹ ራሳቸው ሞትን ይጠብቁ እንደነበር ያሳያል።

6. አፈጻጸም

ዘመቻው ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 3 ቀን በሦስት ቀናት ተከናወነ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አራት አራት፣ በሦስተኛው ቀን አምስት ሰዎች ወጡ። አስቀድሞ ጠላቂዎቹ ከአካባቢው ፈቃደኛ ልጆች ጋር በመዋኛ ገንዳ ተለማመዱ። ጠለቃው ካበቃበት ክፍል በኋላ ልጆቹ በቃሬዛ ላይ ሆነው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ወጡ። የመጨረሻዎቹ ሰዎች ከወጡ በኋላ ዋናው ፓምፕ ቆመ፤ በውስጥ የቀሩት ሠራተኞችም እየጨመረ በሚሄደው ውኃ ፊት ሸሹ። ይህ ክስተት የጊዜው ግምት የተጋነነ እንዳልነበረ ያረጋግጣል።

ሁለት ጉዳዮች ግን ትኩረት ይሻሉ። አንደኛው የግልጽነት ጉዳይ ነው። በዘመቻው ሰሞን ለሕዝብ የተነገረው ልጆቹ ማረጋጊያ መድኃኒት እንደወሰዱ ብቻ ሲሆን፣ ሙሉ ማደንዘዣ መሰጠቱን የሚገልጽ የሕክምና ዘገባ የወጣው በቀጣዩ ዓመት ነው። ሁለተኛው ወጪውን የተሸከሙት ሰዎች ጉዳይ ነው። የተሳበው ውኃ ከታች ያሉትን የሩዝ ማሳዎች አጥለቀለቀ፤ በዘመቻው ሳሉ በደም ኢንፌክሽን የተያዙት ሌላው የባሕር ኃይል አባል ቤይሩት ፓክባራም ከአንድ ዓመት በላይ ታመው ሞቱ።

7. መደምደሚያ

የታም ሉዋንግ ውሳኔ በውጤቱ ብቻ ከተመዘነ የተሳሳተ ትምህርት ይሰጣል፤ ማደንዘዝና ማጥለቅ ሁልጊዜ የሚሠራ ዘዴ ተደርጎ ይወሰዳልና። ትክክለኛው መመዘኛ በሰኔ 30 ምን ይታወቅ ነበር የሚለው ነው። በዚያ ቀን አየሩ እየቀነሰ፣ ዝናቡ እየቀረበ፣ የመቆየት ዋጋ በአንድ ሰው ሕይወት ተከፍሎ ነበር፤ ነቅቶ መጥለቅ እንደማይቻልም በተግባር ታይቶ ነበር። በዚህ ሁኔታ ውስጥ አለመወሰንም በራሱ ውሳኔ ነው፤ አደጋውን ግን ወደማይመለስበት ደረጃ ያደርሰዋል።

ከዚህ የሚገኙት ትምህርቶች ሦስት ናቸው። መጠበቅ እንደ ማንኛውም አማራጭ የራሱ የአደጋ ስሌት ሊሠራለት ይገባል። ዕውቀት በማዕረግ ሳይሆን በልምድ መፈለግ አለበት። በመጨረሻም በሕይወት ላይ የሚወስኑ ባለሙያዎች፣ አደጋው ካለፈ በኋላ ያደረጉትን ሁሉ፣ የተሳካውንም ጭምር፣ በግልጽ ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል።