ካርቶኑን ከማሸግሽ በፊት

እስቲ ፕላስተሩን አስቀምጪውና ስሚኝ እህቴ። ስልኩ ከውጭ መጥቶ ገና ሳትጠግቢው ስክሪኑ መርገብገብ ጀመረ፤ ሻጩም «መልሺልኝና ገንዘብሽን እመልሳለሁ» አለሽ። ጥሩ ነው። ግን ከእንጅባራ ተነስቶ ባሕር ማዶ የሚሻገር ውድ ዕቃ በጥድፊያ አይላክም።

በመጀመሪያ፣ ለመንገደኛ አትስጪው። እትዬ እገሊት ልጃቸው በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚበር ነግረውሽ ልብሽ እዚያ ላይ እንዳረፈ አውቃለሁ። በርበሬውም ሽሮውም እንደዚያ ነው የሚሄደው፤ ለበርበሬ እኔም አልቃወምም። የተገዛ ዕቃ ሲመለስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሻጩ «አልደረሰኝም» ቢል በሰው እጅ ለሄደ ዕቃ የምታሳዪው መከታተያ ቁጥር የለሽም። እነዚህ የኦንላይን ገበያዎች ደግሞ የሰው ምስክር አይሰሙም። ኢቤይ ለምሳሌ ዋጋው 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ዕቃ ከመከታተያው ሌላ የተቀባዩን ፊርማ ጭምር ይፈልጋል።

ከሻጩ ጋር የምትነጋገሪውም በገበያው መተግበሪያ ውስጥ ይሁን። በቴሌግራም ያለሽ ሁሉ ክርክር ሲመጣ እንዳልተባለ ይቆጠራል። የመመለሻ አድራሻውንና የመላኪያውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን እዚያው በጽሑፍ አስመልሺው፤ ስክሪንሾትም አንሺ። ቀኑንም ቁጠሪ። ኢቤይ ላይ አቤቱታ የሚቀርበው ዕቃው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ በፔይፓል ተከፍሎ ከሆነ ከክፍያው ቀን ጀምሮ 180 ቀን አለሽ። በእኛ አካባቢ 30 ቀን ማለት ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። በ2015 ክረምት ኢንተርኔት ተቋርጦ በክልላችን ለወራት ያለ ዳታ ቀርተናል፤ መንገድም በተዘጋ ቁጥር መኪና ይቆማል። ስለዚህ ጉድለቱን ባየሽበት ቀን አመልክቺ፤ «ነገ ኔት ሲሻል» አትበይ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። መከታተያ ቁጥርና ዋስትና አንድ አይደሉም፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ዕቃው የት እንደደረሰ ይነግርሻል እንጂ ቢጠፋ አይከፍልሽም። የኢትዮጵያ ፖስታ ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ፣ በዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ የሚሠራ ተቋም ነው። በዚያ ደንብ በአደራ የተላከ ጥቅል ቢጠፋ የሚታሰበው ካሳ 30 ኤስዲአር ነው። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ሲሆን፣ 30ው ተመንዝሮ ወደ 40 ዶላር ቢጠጋ ነው። ለ600 ዶላር ስልክ 40 ዶላር! ዲኤችኤልን የመሳሰሉት ፈጣን አጓጓዦችም ተጨማሪ ዋስትና ካልገዛሽ ካሳውን የሚያሰሉት በክብደት ነው፤ ስልክ ደግሞ ውድ እንጂ ከባድ ዕቃ አይደለም።

ስለዚህ መስኮቱ ጋ ስትደርሺ «ዋጋውን አስመዝግቤ በዋስትና መላክ ነው የምፈልገው» በይ። ዋስትና ያለው ጥቅል ሁሉም አገር አይቀበልም። አይሆንም ካሉሽ የፖስታው ፈጣን አገልግሎት በሆነው በኢኤምኤስ ቢሄድ ካሳው እስከ ስንት እንደሆነ ጠይቂ፤ ካላረካሽ ወደ ግል አጓጓዥ ሂጂ። ለዚያ ባሕር ዳር መሄድ ካስፈለገሽ ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስልክ ደውለሽ ሳታረጋግጪ መኪና አትሳፈሪ። ደረሰኙን ስትቀበዪም ከመስኮቱ ሳትርቂ ቁጥሩን እዪው፦ ሁለት የላቲን ፊደል፣ ዘጠኝ አሃዝ፣ መጨረሻ ላይ አገራችንን የሚያመለክቱ ሁለት ፊደላት። በ«ኢ» ከጀመረ ኢኤምኤስ ነው። በ«አር» ከጀመረ አደራ ብቻ ነው፤ ዋስትና የከፈልሽ መስሎሽ ይህን ካየሽ እዚያው ጠይቂ።

የጉምሩክ ቅጹ ላይ ዋጋውን አታሳንሺ። እህትሽ ነኝና በግልጽ ልናገር፦ እኛ አገር ቀረጥ እንዳይበዛ ብሎ ዋጋ ማሳነስ ተለምዷል። ይህ አንደኛ ነገር ሐሰት ነው፤ ደግሞም 600ውን 50 ብለሽ ከሞላሽ ካሳሽ ከ50 አያልፍም። «ሲኤን 23» በሚባለው ቅጽ ላይ «ስጦታ» የሚለውን ትተሽ «ተመላሽ ዕቃ» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አድርጊ፤ ያንን ካላደረግሽ ሻጩ የራሱን ዕቃ ሲረከብ ቀረጥ ሊጠየቅና አልቀበልም ሊል ይችላል። ገንዘብ በመመለስ ፋንታ ጠግነው የሚልኩልሽ ከሆነ ደግሞ፣ ከመላክሽ በፊት ባሕር ዳር ያለውን የጉምሩክ ቅርንጫፍ ስለ ጊዜያዊ መውጫ ጠይቂ። መጀመሪያ ሲገባ የተከፈለበትን ዲክላራሲዮንም አትጣዪ።

ስልኩን ራሱን እንመልከት። ሲም ካርድሽን አውጪ፤ የጉግል ወይም የአይክላውድ አካውንትሽን ከስልኩ ላይ አጥፊ፤ አካውንትሽ ካልወጣ ስልኩ ለእነሱ ተቆልፎ ይቀራል። ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ደውዪና የሚመጣውን የስልኩን መለያ (አይኤምኢአይ) ቁጥር በቪዲዮ ቅረጪ፤ ቪዲዮውን ሳታቋርጪ ካርቶን ውስጥ እስከምታስገቢው ድረስ ቀጥዪ። ባትሪው ካበጠ ግን በአውሮፕላን መላክ ክልክል ነው። ፎቶ አንስተሽ ለሻጩ ላኪና ዕቃው ሳይመለስ ገንዘብሽን እንዲመልስ ጠይቂ። ፓወር ባንክም ለብቻው በፖስታ አይሄድም።

የአዊን ዝናብ ደግሞ ለአንቺ አልነግርሽም። ካርቶኑ በክረምት ከመኪና መኪና ሲገለበጥ ይረጥባልና ስልኩን መጀመሪያ በላስቲክ ጠቅልዪው፤ ቀጥሎ በካርቶኑ ውስጥ ባዶ ቦታ እንዳይኖር ወረቀት ጠቅጥቂበት። አፉን ግን ክፍት አድርገሽ ውሰጂው። ውጭ አገር የሚሄድ ጥቅል ይፈተሻል፤ ቤት ያሸግሽውን እዚያ ይቀድዱብሻል። ፕላስተሩን ይዘሽ ሂጂ።

ደረሰኙን በዚያው ቀን ፎቶ አንሺውና ለእኔም ላኪልኝ፤ ቀለሙ ቶሎ ይጠፋል። ቁጥሩን በየሁለት ቀኑ እዪ፤ አንድ ቦታ ከቆመ ዝም አትበይ፣ ፖስታ ቤቱን በጽሑፍ ጠይቂ። በደንቡ የጠፋ ዕቃ ጥያቄ የሚቀርበው ከተላከበት ማግስት ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ብቻ ነው።