የካርቦሃይድሬት አወሳሰድና ከመጠን ያለፈ ልምምድ፦ የብቃት ማሽቆልቆል ምን ያህሉ የምግብ ጉዳይ ነው?

የአንድ ሯጭ የልምምድ ጫና እየጨመረ ሰዓቱ እየዘገየ ሲሄድ፣ አሠልጣኙ ብዙውን ጊዜ ወይ ልምምዱን ያጠብቃል፣ ወይ ሯጩን ለሳምንታት ያሳርፋል። ሁለቱም ውሳኔዎች መቅደም የሚገባውን ጥያቄ ሊዘሉ ይችላሉ፤ ሯጩ የሚመገበው ምግብ ከሚሠራው ሥራ ጋር ይመጣጠናል ወይ?

የአውሮፓ የስፖርት ሳይንስ ኮሌጅና የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጡት የጋራ መግለጫ በዕረፍት የሚካስን ጊዜያዊ ድካም ለወራት ከሚዘልቀው ከመጠን ያለፈ ልምምድ ሕመም ይለያል። ሕመሙን ለብቻው የሚያረጋግጥ የላቦራቶሪ ምርመራ ስለሌለ፣ የሚታወቀው ሌሎች ምክንያቶች ተጣርተው ሲወገዱ ነው። ከሚጣሩት አንዱ የኃይልና የካርቦሃይድሬት እጥረት ነው።

ካርቦሃይድሬት በጡንቻና በጉበት ውስጥ በግላይኮጅን መልክ ይከማቻል። ክምችቱ ውሱን በመሆኑ በየዕለቱ ካልተተካ እየመነመነ ይሄዳል። ኮስቲልና ባልደረቦቹ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 12 ዋናተኞች የዕለት ልምምዳቸውን ለ10 ቀናት ከ4,266 ወደ 8,970 ሜትር አሳደጉ። ከእነዚህ አራቱ ጫናውን መቋቋም ተስኗቸው በዝግታ ለመዋኘት ተገደዱ። የጡንቻቸው ግላይኮጅን ዝቅተኛ ሆኖ የተገኘ ሲሆን ምክንያቱም ካርቦሃይድሬት እጅግ አነስተኛ በሆነ መጠን መውሰዳቸው ነበር።

ይበልጥ ቀጥተኛው ማስረጃ የአክተንና ባልደረቦቿ የ2004 እ.ኤ.አ. ጥናት ነው። ሰባት የሠለጠኑ ሯጮች 11 ቀናት የሚፈጅ ሙከራ ሁለት ጊዜ አደረጉ፤ በአንዱ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 5.4 ግራም፣ በሌላው 8.5 ግራም ካርቦሃይድሬት ወሰዱ። ልምምዱ ሲጠነክር 8 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ የፈጀባቸው ጊዜ በከፍተኛው አወሳሰድ በአማካይ በ61 ሰከንድ፣ በዝቅተኛው ግን በ155 ሰከንድ ጨመረ። የስሜት መዛባቱም በከፍተኛው አወሳሰድ ቀለል ያለ ነበር። ልዩነቱ ለ55 ኪሎ ግራም ሯጭ በቀን 170 ግራም ገደማ ነው፤ በአንድ ተጨማሪ ሙዝ የሚሞላ ጉድለት አይደለም።

ይሁን እንጂ 61 ሰከንድም መዘግየት ነው። ስናይደርና ባልደረቦቿ በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት ይህን ያጠናክራል። ስምንት ብስክሌት ጋላቢዎች ለ15 ቀናት ልምምዳቸውን ሲያጠናክሩ ተጨማሪ ካርቦሃይድሬት በመጠጣታቸው የጡንቻቸው ግላይኮጅን አልቀነሰም፤ ሆኖም የአጭር ጊዜ ከመጠን ያለፈ ልምምድ መስፈርቶችን አሟልተው ተገኙ። ስለዚህ የግላይኮጅን መሟጠጥ አንዱ መንገድ እንጂ ብቸኛው ምክንያት አይደለም። እነዚህ ሙከራዎች የተሳታፊዎቻቸው ቁጥር አነስተኛ፣ ጊዜያቸውም ከወር ያነሰ በመሆኑ፣ ውጤታቸውን ለወራት ወደሚዘልቀው ሕመም በቀጥታ መውሰድ አያስኬድም።

ለኢትዮጵያ ሯጮች ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ቤይስና ባልደረቦቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ያጠኗቸው 10 ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮች ከዕለታዊ ኃይላቸው 64 በመቶ ያህሉን ያገኙት ከካርቦሃይድሬት ነበር፤ ያስገቡትና ያወጡት ኃይልም ተቀራራቢ ነበር። እንጀራ በሚዘወተርበት ማዕድ የካርቦሃይድሬት ድርሻ ማነሱ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ሊሆን አይገባም። ይልቁንም አጠቃላይ መጠኑና ሰዓቱ መታየት አለባቸው።

በተለይ ማለዳ ሠርቶ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚጾም ሯጭ የመጀመሪያዎቹን የማገገሚያ ሰዓታት ያለ ምግብ ያሳልፋል። አይቪና ባልደረቦቹ በ1988 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ካርቦሃይድሬት ከልምምድ በኋላ በሁለት ሰዓት ዘግይቶ ሲወሰድ የግላይኮጅን መተካት ፍጥነት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በአንጻሩ ፓርኪንና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. የሁለት ሰዓት መዘግየት ከ8 እና ከ24 ሰዓት በኋላ ለውጥ እንዳላመጣ አግኝተዋል፤ ተሳታፊዎቹ ግን ከዚያ በኋላ በበቂ መጠን ተመግበዋል። እንግዲህ በቀን አንድ ጊዜ ለሚሠራና ማታ ጠግቦ ለሚበላ ጿሚ መዘግየቱ ብዙም ላያሳስብ ይችላል። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ልምምድ ያለው ሯጭ ግን ክምችቱ ሳይሞላ ወደ ሜዳ ይመለሳል፤ የሰዓቱ መዘግየት ከመጠን ያለፈ ልምምድ ተብሎ ከመመዝገቡ በፊት የሳምንት የምግብ መዝገቡ ከነሰዓቱ ሊታይ የሚገባውም የእርሱ ነው።