አዲስ መመርመሪያ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት እንዴት ይፈተናል?

በደራ ወረዳ በሚገኘው የወንዛዬ ፍል ውኃ ፈውስ ፈላጊዎች ከየአቅጣጫው ይሰባሰባሉ። እንደ ኮቪድ-19 ያለ በሽታ ይዞት ሳለ በመመርመሪያ ስህተት «ነጻ ነህ» የተባለ ሰው ወደዚያ ቢሄድ፣ ለራሱ ሕክምና ይዘገይበታል፤ በሽታውንም ለሌሎች ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለሆነም ማንኛውም መመርመሪያ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሊፈተን ይገባል።

የሊቦ ከምከም ትምህርት

በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረዳ የካላዛር ወረርሽኝ መከሰቱ ተረጋገጠ። በሽታው ለአካባቢው እንግዳ ስለነበር ትኩሳቱ በመጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል። ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና ወስዶ መመርመር ደግሞ በየጤና ጣቢያው የሚቻል አይደለም። በዚህም ምክንያት ሁለት ዓይነት ፈጣን መመርመሪያዎች ከሌሎች የደም ምርመራዎች ጋር በዚያው አካባቢ ተፈተኑ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ።

በጥናቱ በበሽታው የተጠረጠሩ 179 ሰዎችና ለማነጻጸሪያ የተመረጡ 67 ሰዎች ተካተዋል። በሽታው በዘረመል ምርመራ ከተረጋገጠባቸው 35 ሕሙማን መካከል አንደኛው መመርመሪያ 33ቱን፣ ሁለተኛው 32ቱን ለየ። ከ67ቱ የማነጻጸሪያ ሰዎች መካከል ደግሞ አንደኛው 1 ሰው፣ ሁለተኛው 4 ሰዎች በስህተት «በሽታው አለባቸው» አለ። የዚህ ዓይነት መመርመሪያ በሕንድ የሚያሳየው ብቃት በምሥራቅ አፍሪካ ከሚያሳየው ይበልጣል። በሌላ አገር የተገኘ ውጤት ብቻውን በቂ የማይሆነውም ስለዚህ ነው።

የሙከራው ቅደም ተከተል

1. ጥያቄው አስቀድሞ ይወሰናል፦ መሣሪያው ለማን፣ የትና በማን እጅ ያገለግላል?
2. የተሳታፊዎች ብዛትና ማነጻጸሪያው ምርመራ በጽሑፍ ይቀመጣሉ። ጥቂት ሰዎች ብቻ ከተካተቱ ውጤቱ በአጋጣሚ ሊዛባ ይችላል።
3. የሥነ ምግባር ኮሚቴ ዕቅዱን ይመረምራል፤ ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም አስፈላጊው ፈቃድ ይጠየቃል።
4. አዲሱን መመርመሪያ የሚያነብ ባለሙያ የማነጻጸሪያውን ውጤት ሳያውቅ ያነብባል። ይህም ግምት ውጤቱን እንዳያዛባ ይከላከላል።
5. ያልሠሩና የተበላሹ መመርመሪያዎች ሳይቀሩ ሁሉም ይመዘገባሉ፤ መልካሙ ውጤት ብቻ ተመርጦ አይቀርብም።

የተሳታፊው መብት

ተሳትፎ በፈቃድ ብቻ ነው። ተሳታፊው የሙከራውን ዓላማ፣ ጥቅምና ጉዳት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ማንበብ ለማይችል ሰው ምስክር ባለበት ይነበብለታል። «አልሳተፍም» ያለ ወይም በመካከል ያቋረጠ ሰው የሚገባው ሕክምና አይቀርበትም።

ሊታወስ የሚገባው

በሊቦ ከምከም እንደታየው፣ ጥሩ የሚባል መመርመሪያም ጥቂት ሕሙማንን ያልፋል። ስለዚህ የምርመራ ውጤቱ «የለም» ቢል እንኳ ሕመሙ ከቀጠለ ወደ ጤና ተቋም ተመልሶ እንደገና መታየት ያስፈልጋል።